የሰው ዘፈን ስለ መዝፈን

(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ሳንቋጨው እንደ ተበተንን ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡም፣ በሚመጣው የሙዚቃ ምሽታችን ራሱ ያልደረሰውን ዘፈን የሚዘፍን ተማሪ መድረክ አይሰጠው የሚል ነበር። ሐሳቡን ያቀረበው ጓደኛችን (ዛሬም ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያየኛል) «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ ሲቀመጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨብጭቤአለሁ። ያጨበጨብኩት ግን ለተረቱ ነው። ወደ መኝታ ክፍሌ ስመለስ ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር፤ ምክንያቱም ከዘፈኖች ሁሉ አብልጬ የምወደውን ያገኘሁት ከባለቤቱ እጅ ሳይሆን ከተዋሰው ሰው እጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተሰጠኝን ጊዜ ስለዚያ አንድ ዘፈን ልናገርበት አስቤአለሁ። ዘፈኑ የእንግሊዝ አገር ነው። ከሩቅ ምሳሌ ማምጣቴ የኛን ንቄ አይደለም፤ ስለኛ ዘፋኞች ገና አፌን ስከፍት ከግማሻችሁ ጋር እንደምጣላ ስለማውቅ ነው እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመጣ አንድ ፍላሽ ይዞ ይመጣ ነበር። በውስጡም የማን እንደ ሆኑ ያልተጻፈባቸው፣ ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው ዘፈኖች ነበሩበት። ከነዚያ አንዱ፣ ቁጥሩ 14፣ በዝግታ የሚሄድ፣ ከበሮው እንደ ልብ ትርታ የሚመታ፣ የወንድ ይሁን የሴት በቅጡ የማይለይ ቀጭን ድምፅ የሚያንጎራጉርበት ዘፈን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለማትሪክ ሳጠና ሌሊት ሌሊት እርሱን ደጋግሜ እሰማ ነበር። በዚያው ክረምት አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ጎራ ብል፣ ልጆች ተሰብስበው «ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ያያሉ። ከፊልሙ ውስጥ የኔ ቁጥር 14 ይሰማል። ነገር ግን ፈጠን ብሎ፣ ከበሮው እንደ ሰልፈኛ ሠራዊት እየረገጠ፣ በሴት ድምፅ። ደነገጥኩ፤ ቀጥሎም ተናደድኩ። «ይቺ ደግሞ ማን ናት ዘፈኑን የምታበላሸው?» አልኩ። ዐሥር ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ዐይኗን ከመስኮቱ ላይ ሳትነቅል «ባለቤቷ ናት» አለችኝ።

ያን ዕለት ያፈርኩትን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ኀፍረት የተወለደ ነው ብትሉ አልከራከራችሁም።

ከሥሩ ልጀምር። ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን የምጠራው፣ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዘፋኟ ኬት ቡሽ ትባላለች። በ1958 በእንግሊዝ አገር ኬንት በሚባለው ክፍል ተወለደች። በ1978፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከኤሚሊ ብሮንቴ ልብ ወለድ ተነሥታ የደረሰችው «ዉዘሪንግ ሃይትስ» የተሰኘ ዘፈን በብሪታንያ የሸክላ ገበያ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆኖ 4 ሳምንት ቆየ። ራሷ ደርሳ ራሷ በዘፈነችው ዘፈን እዚያ ቦታ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። በ1979 ጸደይ በብሪታንያና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች እየዞረች ዘፈነች። ከዚያ በኋላ ግን የራሷን ሙሉ ትርዒት ይዛ መድረክ ላይ ለመውጣት 35 ዓመት ፈጀባት። አልበም ማውጣቱን አልተወችም፤ መድረኩን ነው የተወችው።

የኔ ቁጥር 14 የወጣው በነሐሴ ወር 1985 ነው። ስሙ «ራኒንግ አፕ ዛት ሂል» ይባላል፤ ያንን ኮረብታ በሩጫ መውጣት እንደ ማለት ነው። የተሠራው በቤተሰቧ ግቢ ባሠራችው ስቱዲዮ ነው። የሰው ስቱዲዮ በሰዓት ስለሚከራይ የቸኮለ ሙዚቃ ያስከትላል፤ የራሷ ስለ ሆነ ግን የፈለገችውን ያህል እያፈረሰች መሥራት ቻለች። የዜማው መሪ ድምፅ የወጣው ፌርላይት ከተባለ የአውስትራሊያ ሥሪት መሣሪያ ነው፤ ይህም ማናቸውንም ድምፅ ቀርጾ በፒያኖ ቁልፎች ላይ መልሶ የሚያጫውት ኮምፒዩተር ነበር። ያንን የማይታክት ከበሮ በመሣሪያ ያቀናበረላት ዴል ፓልመር ነው፤ እርሱም በ2024 መጀመሪያ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ኤሌክትሪክ መካከል ደግሞ ወንድሟ ፓዲ ባላላይካ የሚባለውን የሩስያ ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ይመታል። ክራር የምትመቱ ጓደኞቼ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ያገር ቤት መሣሪያና ኮምፒዩተር አብረው አይሄዱም የሚሉንን ዝም የምናሰኝበት አንድ ምስክር ነው።

የዘፈኑ ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን አይግባቡም። ስለማይግባቡም ሳይፈልጉ ይጎዳዳሉ። እንግዲህ አምላክን ለምነን ቦታ ብንለዋወጥ፣ እኔ አንተን ብሆን አንተም እኔን ብትሆን፣ ምናልባት ይገባን ነበር ትላለች። መጀመሪያ የሰጠችውም ስም ይኸው ነበር፤ «ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ውል» የሚል። የሸክላው ኩባንያ ኢ.ኤም.አይ. ግን ሃይማኖት በጠናባቸው አገሮች ራዲዮ አያሰማውም ብሎ ፈራ። እርሷም ከዚያ በፊት የነበረው አልበሟ እንደ ታሰበው ስላልተሸጠ እሺ ብላ ስሙን ለወጠች፤ የቀድሞው ስም በንኡስ ርእስነት ቀረ። በኋላ ስትናገር ግን ለእርሷ የዘፈኑ ስም ምን ጊዜም የመጀመሪያው ነው። እኛ እዚህ አገር ይህን ስም ብንሰማ የሚታየን ኪዳን ነው፤ ጻድቅ ቆሞ የሚቀበለው፣ ለሌላውም የሚተርፍ። ውል ደግሞ ዳኛና ምስክር ያለበት ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዙ ቃል ከሁለቱ መካከል ይወድቃል፤ አማርኛ ግን «የትኛውን ነው የምትዪው?» ብሎ ይይዛታል። እኔ እንደሚመስለኝ የፈለገችው ኪዳንን ነው፤ ስትጠይቅ ግን በውል ቋንቋ ጠየቀች።

ዘፈኑ በ1985 በብሪታንያ ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ሠላሳኛ ሆነ። ተወደደ፤ ዕድሜውን ጨረሰ፤ ወደ መደርደሪያ ተመለሰ።

አሁን ወደ ተዋሾቹ ልግባ። ፈረንጆቹ «ከቨር» ይሉታል፤ እኛ የሰው ዘፈን መዝፈን የምንለው ነው። በ2003 ፕላሲቦ የተባለው የለንደን ባንድ ዘፈኑን ወሰደ። ዘፋኙ ብራያን ሞልኮ ወንድ ነው፤ የወንድሜ ፍላሽ ቁጥር 14ም የእርሱ ነበር። ፕላሲቦዎች ያደረጉትን ስመለከተው፣ ሩጫውን አስቀሩት። ኮረብታውን እንደ ደከመ ሰው አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ እያሉ ወጡት። በኬት ቡሽ ድምፅ ውስጥ ገና ተስፋ አለ፤ ውሉ ይፈረም ይሆናል። በሞልኮ ድምፅ ግን ልመናው ተቀባይ ያጣ ይመስላል።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ትንሽ እንድትታገሡኝ እለምናለሁ፤ የንግግሬ ዋና ነገር ይህ ነውና። ዘፈኑ የሚለምነው ቦታ መለዋወጥን ነው። በ1985 አንዲት ሴት ቆማ «አንተ በኔ ቦታ ብትሆን» አለች። ከ18 ዓመት በኋላ አንድ ወንድ ተነሥቶ በእርሷ ቦታ ቆመ፤ ቃሏን በአፉ አደረገ፤ ልመናዋን ራሱ ለመነው። ልመናው ተሰማ ማለት አይደለምን? ባለቤቷ ብቻዋን ይህን ልትፈጽመው አትችልም ነበር። የቱንም ያህል ደጋግማ ብትዘፍነው የምትዘፍነው በራሷ ቦታ ቆማ ነው። የውሉ ሌላኛው ወገን እንዲፈርም የግድ ሌላ ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ማታ ማታ ሳስበው ቁጥር 14ን አስቀድሜ መስማቴን እንደ ኀፍረት መቁጠሩን ተውኩት።

ሌሎቹን ሁሉ ብዘረዝር ሊቀ መንበሩ ደወሉን ያነሡብኛል። በዚያው በ2003 ዊዚን ቴምፕቴሽን የተባለው የሆላንድ ባንድ በከባድ ጊታርና በኦርኬስትራ አጅቦ አወጣው፤ ጉልበት አለው፤ እኔን ግን ልመናውን ፉከራ ያደረገው ይመስለኛል። በ2007 ክሮማቲክስ የተባሉት አሜሪካውያን አሳንሰውና አብርደው፣ በሌሊት መኪና እየነዱ የሚያንጎራጉሩት አስመሰሉት፤ ይህ ጥሩ ነው። ዋይ ኦክ የተባሉት ሁለቱም ሠርተውታል። በ2019 የዘፈነችው ሜግ ማየርስ ግን የተለየች ናት። ዘፈኑ በወጣ በዓመቱ በ1986 የተወለደች አሜሪካዊት ስትሆን፣ ብዙ አልለወጠችውም፤ የባለቤቷን እግር ተከትላ ሄደች። ቪዲዮውንም ሕፃናት በቀለም ባቀለሟቸው ሥዕሎች አሠራችው። በ2020 መባቻ ላይ በአሜሪካ የሮክ ሙዚቃ ራዲዮዎች ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ልብ በሉ፤ የባለቤቷ ድምፅ በአሜሪካ ከሠላሳኛ በላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ታዲያ ይህ ግፍ አይደለም ወይ? እርሷ ዘርታ ሌላው አጨደ» የሚል ይኖራል። ለዚህ የምመልሰው ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ ሌላው የክብር ነው። የገንዘቡን በአጭሩ ልለፈው፦ የዘፈኑ ደራሲ እርሷ ናት፤ ማንም ሸክላ ሠርቶ ቢሸጠው የደራሲው ድርሻ ወደ እርሷ ይሄዳል። በኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኛው አቆጣጠር ነው) የደራሲውን ጥቅም በሕይወቱ ዘመንና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከተሳሳትኩ የሕግ ተማሪዎች ያርሙኝ። ሕጉ መኖሩና በሥራ መዋሉ አንድ አለመሆኑን ግን ለማወቅ ሕግ መማር አያስፈልግም። ቡና ቤት ገብታችሁ የሚሰማው ዘፈን የማን እንደ ሆነ ብትጠይቁ፣ አስተናጋጁ የሚነግራችሁ ፍላሹን የሰጠውን ሰው ስም ነው። የወንድሜ ፍላሽም ቁጥር እንጂ ስም አልነበረበትም። ስርቆቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሞልኮ የማን ዘፈን እንደ ሆነ አልደበቀም፤ የደበቀው የወንድሜ ፍላሽ ነው።

የክብሩን ነገር በተመለከተ ትዝታን እናስብ። የትዝታ ደራሲ ማን ነው ብሎ የሚሟገት የለም። ቅኝቱ የሁላችንም ነው፤ እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ግጥም ይዞ ይገባበታል። እኛም የማን ትዝታ ይበልጣል እያልን ስንከራከር ሌሊቱ ይነጋል እንጂ «ሰረቀ» ያለ ሰው አልሰማሁም። እንዲያውም አንድ ሰው ዘፋኝ ለመባል ትዝታን ዘፍኖ ማሳየት አለበት። እንግዲህ ባለፈው ዐርብ «የሰው ወርቅ» ብለን ያጨበጨብነው ሁላችን፣ ትዝታ ሲዘፈን ዐይናችንን ጨፍነን የምንሰማ ሰዎች ነን። ባለቤት ያለውና ባለቤት የሌለው ዘፈን ይለያያሉ ትሉኝ ይሆናል፤ አዎን፣ በሕግ ይለያያሉ። በጆሮ ግን አይለያዩም።

አሁን ስለ ባለቤቷ መመለስ ልናገር። እዚህ ላይ አማርኛችን ችግር ፈጠረብኝ። እስካሁን «እርሷ» እያልኩ መጥቻለሁ፤ በ1985 የ27 ዓመት ወጣት ስለ ነበረች ነው። ዛሬ ግን እናቴን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው፤ በመንገድ ባገኛቸው «እርስዎ» ከማለት በቀር ሌላ አፍ የለኝም። እንግሊዝኛ ይህን አያስቸግርም፤ የ19 ዓመቷንም የ60 ዓመቷንም በአንድ ቃል ይጠራል። እኔ ግን መምረጥ አለብኝ። ስለዚህ በሸክላው ላይ ያለችውን ድምፅ «እርሷ» እላለሁ፤ ዛሬ ያሉትን ሴት «እርሳቸው» እላለሁ። የተመለሰው ማን ነው፣ እርሷ ወይስ እርሳቸው? ይህን ስታስቡት እንደኔ እንቅልፍ ያሳጣችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የተመለሰው ድምፃቸው ነው። በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ መዝጊያ በዓል ላይ ያ ዘፈን ተሰማ፤ እርሳቸው ግን አልተገኙም። የተሰማውም የድሮው አልነበረም፤ በቀድሞው ሙዚቃ ላይ በአዲስ ድምፅ ደግመው ዘፍነውት ነበር። ያም ስድስተኛ ወጣ። ማለትም እርሳቸው የእርሷን ዘፈን ዘፈኑ። ይህ ልማዳቸው ነው። በ1986 «ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን በአዲስ ድምፅ አድርገውታል፤ በ2011 ደግሞ የ1989ኙንና የ1993ቱን አልበሞቻቸውን ዘፈኖች እየመረጡ እንደገና የሠሩበትን አልበም አውጥተዋል። ፊት ወንበር ላይ ያለውን ጓደኛዬን እጠይቃለሁ፦ ሰው የራሱን ዘፈን ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ ቢዘፍን፣ የራሱን ነው ወይስ የሰው ነው የዘፈነው? እኔ የሰው ነው እላለሁ። በ15 ዓመቴ የጻፍኩትን ግጥም ሰሞኑን አግኝቼ አንብቤው ነበር፤ ማን እንደ ጻፈው አላወቅሁትም። (ደራሲውን ባገኘው እመክረው ነበር።)

ሁለተኛ የተመለሱት በአካል ነው። በ2014 ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ማለቂያ ድረስና አንድ ቀን አልፎ፣ በለንደን ሐመርስሚዝ በሚባለው ቲያትር ቤት 22 ሌሊት ዘፈኑ። ትኬቱ በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ያ ቤት በ1979 ዙረቷን ያሳረገችበት ቤት ነው፤ ስሙ ብቻ ተለውጧል። ከ35 ዓመት በፊት በወጣችበት በር ገቡ ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ የነበረው ልጃቸው ገፋፍቶ እንዳስወጣቸው ተናግረዋል፤ እርሱም በትርዒቱ ውስጥ ነበረበት። ተመልካቹ ስልክና ካሜራ እንዳያነሣ አስቀድመው በጽሑፍ ለመኑ፤ ሰውም እሺ አለ። በዘመናችን ይህ ራሱ ተአምር ነው። እኛ እዚህ በአንድ የልደት በዓል ላይ እንኳ ኬኩን በዐይናችን አናየውም፤ በስልክ ነው የምናየው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የዘፈኑት ዝርዝር ነው። «ያንን ኮረብታ» ዘፈኑ። ያስተዋወቃቸውን የ19 ዓመቷን «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ግን በ22ቱ ሌሊት አንድም ጊዜ አልዘፈኑም፤ ከ1985 በፊት ካወጧቸው አራት አልበሞች አንድም አላነሡም። ያን የልጅነት ቀጭን ድምፅ ሊሰማ የመጣ ሰው አዝኖ ተመልሶ ይሆናል። እኔ ግን ይህን አከብረዋለሁ። እርሳቸው መጡ፤ እርሷን መስለው አልመጡም።

ሦስተኛው መመለስ የኔ ጎረቤት ቤት ድረስ የደረሰው ነው። በግንቦት 2022 የ«ስትሬንጀር ቲንግስ» አራተኛ ክፍል በኔትፍሊክስ ወጣ። ታሪኩ በ1986 የተደረገ ሆኖ፣ የእንጀራ ወንድሟ የሞተባት ማክስ የተባለች ልጅ ያንን ዘፈን በዎክማን ካሴት ትሰማለች። ክፉው መንፈስ ሊወስዳት ሲል ጓደኞቿ ካሴቱን በጆሮዋ ላይ ያደርጉላታል፤ ዘፈኑም መንገድ ከፍቶላት ታመልጣለች። አሁን ቦታ መለዋወጥ የሚለውን ሐሳብ በዚህች ልጅ ጆሮ ስሙት። የባልና የሚስት ነገር ቀርቷል። እኔ በሞትኩ፣ እርሱ በዳነ የምትል እኅት ልመና ሆኗል። ፊልም ሠሪዎቹ አዲስ ዘፈን አደረጉት። እንግዲህ ይህንንስ መልሶ መዝፈን አንለውም?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በብሪታንያ ዘፈኑን የሚያደምጠው ሰው ብዛት ወሰን አጣ። ነገር ግን አንድ ሕግ ነበር፤ አዲስ ዘፈን መንገድ እንዲያገኝ ሲባል ያረጀ ዘፈን በኢንተርኔት ሲደመጥ የሚያገኘው ነጥብ ከአዲሱ በግማሽ ያንሳል። ሠንጠረዡን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነገሩን አይቶ ይህን ቅነሳ ለዚህ ዘፈን አነሣለት፤ በሰኔ 17 ቀን 2022 አንደኛ ሆነ፤ 3 ሳምንትም ቆየ። ከወጣ በ37 ዓመቱ መሆኑ ነው። ከመጀመሪያው አንደኛነታቸው እስከ ሁለተኛው 44 ዓመት አለፈ። በ63 ዓመታቸው በዚያ ቦታ ከተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አንጋፋዋ ሆኑ፤ ከዚያ በፊት ክብሩ በ1998 በ52 ዓመቷ አንደኛ የወጣችው የሼር ነበር። በአሜሪካም ሠላሳኛ የነበረው ሦስተኛ ሆነ። የተቀረጸው ድምፅ መብት በእጃቸው ስለ ነበር ትርፉም እንደ ብዙ የድሮ ዘፋኞች በኩባንያ ኪስ አልቀረም። እርሳቸው ግን ከቤታቸው አልወጡም። ለራዲዮ ቃላቸውን ሰጡ፤ ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙ ይህን ያህል ወጣቶች መኖራቸው እንዳስደነቃቸው ተናገሩ፤ በቃ። የተመለሰችው እርሷ ናት፣ የ27 ዓመቷ፣ ከነከበሮዋ።

ታዲያ እነዚያ ሁሉ ተዋሾች ባይኖሩስ ኖሮ? ብዙ ሰው «እርሷ በመጣች ጊዜ ከቨሮቹ ሁሉ ፀሐይ እንደ ወጣባት ሻማ ሆኑ» ይላል። እኔ አይመስለኝም። ከ1985 እስከ 2022 ድረስ ዘፈኑ ቤት ሆኖ አላደረም፤ በፕላሲቦ በኩል ወደ ወንድሜ ፍላሽ፣ በሜግ ማየርስ በኩል ወደ አሜሪካ ራዲዮ ሲዞር ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ዘፈኑን በማን በኩል እንዳገኙት አላውቅም፤ እኔ ግን በማን በኩል እንዳገኘሁት አውቃለሁ። ባለቤቷን ካወቅሁ በኋላም ቁጥር 14ን አልጣልኩትም። ስደሰት የእርሷን እሰማለሁ፤ ፈተና ሲወድቅብኝ የሞልኮን።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። በኅዳር 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ በብሩክሊን ኬት ቡሽን የሮክ ሙዚቃ ታላላቆች ከሚመዘገቡበት መዝገብ አስገቧቸው። እርሳቸው አልተገኙም። የአትላንታው ራፐር ቢግ ቦይ ስለ እርሳቸው ተናገረ። ከዚያም ሴንት ቪንሰንት የምትባለው ዘፋኝ መድረኩ ላይ ወጥታ ያንን ዘፈን ዘፈነች። ባለቤቷ በተከበሩበት ማታ፣ ባለቤቷ በሌሉበት፣ በቦታቸው የቆመችው የሰው ዘፈን የምትዘፍን ሴት ነበረች። «አይሰጣት መድረክ» የሚል ሕግ ቢኖር ኖሮ ያን ማታ ማን ሊዘፍን ነበር?

እንግዲህ በቀረበው ሐሳብ ላይ የማሻሻያ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሰው ዘፈን የሚዘፍን ተማሪ መድረክ ይሰጠው፤ ነገር ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት የግጥሙን ደራሲ፣ የዜማውን ደራሲና ቀድሞ የዘፈነውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገር። ስማቸውን የማያውቅ ከሆነ እስኪያውቅ ድረስ ቁጭ ይበል። ይህ እንዲመዘገብልኝ ጸሐፊውን እጠይቃለሁ።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ደግሞ፣ ሊቀ መንበሩ ቢፈቅዱ፣ ያንን አንድ ዘፈን በሦስት ሰዎች ድምፅ አሰማችኋለሁ። የማን የማን እንደ ሆነ አልነግራችሁም፤ የራሴን ሕግ በራሴ ላይ የማፈርሰው ለዛሬ ብቻ ነው። የወንድሜን ፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። ቁጥር 14ን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ፤ መብራቱ እስከዚያ ካልጠፋብን።